ሁለት ሰሜን ሸዋ በአንድ ዝርዝር፤ በጃቫ በየምድቡ የተከፈለ ተቆልቋይ ምናሌ ስለ መሥራት

ከደብረ ብርሃን ወይም ከአንኮበር የመጣ አንድ ተማሪ የምዝገባ ቅጽ በኮምፒዩተር ሲሞላ «ዞን» ከሚለው ጥያቄ ላይ ደረሰ እንበል። ምናሌውን ሲነካው ዝርዝሩ ወደ ታች ይዘረጋል፤ በውስጡም «ሰሜን ሸዋ» ሁለት ጊዜ ተጽፎ ያገኛል። አንደኛው በአማራ ክልል ያለውና ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የኾነው፣ ሁለተኛው በኦሮሚያ ክልል ያለውና ዋና ከተማው ፍቼ የኾነው ነው። ሁለቱም ስሞች እውነተኞች ናቸው፤ ነገር ግን ዝርዝሩ የቱ የየትኛው እንደ ኾነ አይናገርም። ተማሪው በግምት አንዱን ነክቶ ወደ ደብረ ብርሃን መሄድ የሚገባው ደብዳቤ ፍቼ ቢገባ ጥፋቱ የማን ነው? በእኔ አስተያየት የቅጹ ሠሪ ነው። ይህን ሥራ ለምንማር ወንድሞችና እኅቶች ጕዳዩን ጥቂት መመርመር ይገባናል።

መፍትሔው በኤችቲኤምኤል ቋንቋ ውስጥ ቀድሞውኑ አለ፤ ስሙም ኦፕትግሩፕ ይባላል። ይኸውም ምርጫዎችን በየአርእስታቸው ሥር የሚሰበስብ ነው። «አማራ ክልል» የሚለው አርእስት ይታያል እንጂ አይመረጥም፤ በሥሩ ሰሜን ሸዋ፣ ደቡብ ወሎና ምሥራቅ ጎጃም ገባ ገባ ብለው ይደረደራሉ። «ኦሮሚያ ክልል» ከሚለው ሥር ደግሞ ሌላው ሰሜን ሸዋ ከአርሲና ከጅማ ጋራ ይቀመጣል።

በጃቫ ይህን የሚሠሩ ማዕቀፎች ብዙ ናቸው፤ እዚህ የምንመለከተው ግን ፌስስ የተባለውን ነው። የመጀመሪያው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2004 ጃቫሰርቨር ፌስስ ተብሎ ወጣ፤ ዛሬ ጃካርታ ፌስስ ይባላል። በገጹ ላይ ሰሌክትዋንሜኑ የተባለው ታግ ምናሌውን ያቆማል፤ በውስጡ የሚገባው ሰሌክትአይተምስ ዝርዝሩን ከጃቫው ክላስ ይቀበላል። ክላሱ በበኩሉ ለእያንዳንዱ ክልል አንድ ሰሌክትአይተምግሩፕ ይፈጥርና አርእስቱን ይሰጠዋል፤ ቀጥሎም የዞኖቹን ሰሌክትአይተሞች ያስረክበዋል። የቀረው የማዕቀፉ ሥራ ነው፤ ምድቡን ሲያገኝ ኦፕትግሩፕ አድርጎ ይጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 4.0 እትም ሰሌክትአይተምግሩፕስ የተባለ ታግ ስለ ተጨመረ፣ በአዲሱ የሚሠራ ሰው ምድቡን ከገጹ ላይ ሊያዘጋጅ ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ ነው። ቅጹ ሲላክ አርእስቱ አብሮ አይሄድም! ወደ ሰርቨሩ የሚደርሰው የተመረጠው ዞን ዋጋ ብቻ ነው። ፕሮግራመሩ ለሁለቱም ዞኖች «ሰሜን ሸዋ» የሚለውን ስም ራሱን ዋጋ አድርጎ ከሰጠ፣ ተማሪው በዓይኑ በትክክል ለይቶ የመረጠው ነገር መዝገብ ውስጥ ሲገባ እንደገና ይደባለቃል። አርእስቱ የሚረዳው አንባቢውን እንጂ መዝገቡን አይደለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዞን የራሱ የኾነ፣ ከሌላው የማይገጥም መለያ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል፤ ስሙ ለመታየት ብቻ ይቅር።

ሁለተኛው ችግር ኦፕትግሩፕ በሌላ ኦፕትግሩፕ ውስጥ አለመግባቱ ነው። ክልልን፣ ዞንን፣ ወረዳንና ከተማን በአንድ ምናሌ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ላውጣ የሚል ሰው አይሳካለትም። ሁለት ምናሌ ማድረግ ይሻላል። በመጀመሪያው ዞኖቹ በየክልላቸው ይሁኑ፤ በሁለተኛው ከተሞቹ በየወረዳቸው ይግቡ። በአንኮበር ሥር ጎረቤላና አልዩ አምባ፣ በጣርማ በር ሥር ደብረ ሲናና አርማንያ፣ በመርሐ ቤቴ ሥር ዓለም ከተማ ይቀመጣሉ። በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ እንመድብ የሚል ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን አንኮበር ወረዳ ራሱ ከብርዱ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ቆላው የሚወርድ ስለ ኾነ ከየትኛው ሊገባ ነው?

ሁለተኛው ምናሌ በመጀመሪያው ላይ ሲመሠረት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፌስስ የተላከለትን ዋጋ የሚቀበለው በዝርዝሩ ውስጥ ካገኘው ብቻ ነው። ዝርዝሩን የያዘው ዕቃ በእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ የሚፈጠር ከኾነ፣ ምርመራው በሚደረግበት ሰዓት የተመረጠው ዞን ገና ስለማይታወቅ የከተሞቹ ዝርዝር ባዶ ይኾናል፤ ተማሪው አልዩ አምባን በትክክል መርጦ ሳለ «ዋጋው ትክክል አይደለም» ይባላል። ዕቃው ገጹ እስካለ ድረስ እንዲቆይ ቪውስኮፕድ ማድረግ ከዚህ ያድናል።

ስለ ተራውም ጥቂት እንበል። ምድቦቹን በሃሽማፕ የሰበሰበ ሰው ተራውን በዕድል ያገኛል፤ ሊንክድሃሽማፕ ግን ያስገባንበትን ተራ ይጠብቃል። የፊደላችን ጕዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ጃቫ ቃላትን የሚያወዳድረው በዩኒኮድ ቁጥራቸው ነው፤ በዚያም አ ከወ በፊት፣ ዐ ከወ በኋላ ይገኛሉ። ስለዚህ «ዓለም ከተማ» እና «አለም ከተማ» ተራርቀው ይወድቃሉ። ለማወዳደሪያ ብቻ ዐን በአ፣ ሐንና ኀን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ፀን በጸ የሚተካ ትንሽ ሜተድ ጽፎ፣ የሚታየውን ስም እንደ ተጻፈ መተው ይበቃል።

ደብረ ብርሃን ራሷስ? ባሶና ወራና ወረዳ ዙሪያዋን ቢከባትም እርሷ የራሷ የከተማ አስተዳደር አላት፤ ከወረዳው ሥር ማስገባት ስሕተት ነው። ሰሌክትአይተምግሩፕ የሰሌክትአይተም ዓይነት ስለ ኾነ ሁለቱ በአንድ ዝርዝር ተቀላቅለው ሊገቡ ይችላሉ። ስለዚህ ደብረ ብርሃንን ያለ ምድብ፣ ከወረዳዎቹ ሁሉ በፊት ማስቀመጥ ነው፤ በመጨረሻ ብትገባ ግን ከላይዋ ካለው ምድብ ጋራ ልትምታታ ትችላለች።

ለልምምድ የሚኾን ጥያቄ፦ ሀገረ ማርያም የሚባል ወረዳ በሰሜን ሸዋ አለ፤ በደቡብ ያለችው ቡሌ ሆራም ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል ነበር። «ሀገረ ማርያም» ብቻ ተብሎ የተጻፈበትን የቀድሞ መዝገብ ወደ አዲሱ ምናሌ ስታዛውሩ የትኛውን መለያ ቁጥር ትሰጡታላችሁ?