በእንግሊዝኛ ዘገባ የአያያዥ ቃላት አመራረጥ

ከየአጥቢያው ለውጭ አጋሮች የሚላኩትን የእንግሊዝኛ ዘገባዎች ስናርም፣ ዓረፍተ ነገሮቹ እያንዳንዳቸው ትክክል ሆነው ሳለ የሚያያይዛቸው ቃል ሲያሳስታቸው እናያለን። ጉዳዩ ለካህናት አባቶቻችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት አገባብ የተማረ ሁሉ «ወ» የሚጨምር፣ «እስመ» ግን ምክንያት የሚሰጥ መሆኑን ያውቃል። በእንግሊዝኛም የሚያስፈልገን ይኸው ማስተዋል ነው።

1. ለጽሑፉ የሚስማማውን መምረጥ

ለወዳጅ በሚጻፍ አጭር መልእክት «ግን» ለማለት «በት»፣ «ስለዚህ» ለማለት «ሶ»፣ «ደግሞም» ለማለት «ፕላስ» ይበቃል። በዘገባ ግን እንደ ቅደም ተከተላቸው «ሃውኤቨር»፣ «ዜርፎር» እና «ኢን አዲሽን» ይመረጣሉ። «ቢኮዝ» እና «ኦልሶ» ለሁለቱም ያገለግላሉ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በከባድ አያያዥ መጀመር ጽሑፉን ያደክመዋል እንጂ አያከብረውም።

2. ሥርዓተ ነጥቡን መጠበቅ

«በት» ሁለት ሐሳቦችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲያያይዝ ነጠላ ሰረዝ ይቀድመዋል። «ሃውኤቨር» በዚሁ ቦታ ሲገባ ነጠላ ሰረዝ ብቻ አይበቃውም፤ በፊቱ ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ፣ በኋላው ደግሞ ነጠላ ሰረዝ ይሻል።

3. ከምናውቀው በላይ አለመናገር

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። አንድ የአጥቢያ ኮሚቴ «ምንጩ ጎለበተ፤ ከዚያም በሕፃናት ላይ ይታይ የነበረው ተቅማጥ ቀነሰ» ብሎ ጽፎልን ነበር። እኛ ስንተረጉም፣ ጽሑፉ እንዲያምር ብለን «ከዚያም» የሚለውን «ዜርፎር» አልነው። አጋሩ ድርጅት የተቅማጡ መቀነስ ከምንጩ የተነሣ ለመሆኑ ማስረጃ ጠየቀ። በእነዚያው ወራት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ የእጅ መታጠብ ትምህርት ይሰጡ ስለነበር ኮሚቴው ይህን ሊያረጋግጥ አልቻለም። ኮሚቴው የጻፈው እውነት ነበር፤ ያልተባለውን ያስባልነው እኛ ነን።

ስለሆነም የጊዜን ቅደም ተከተል ብቻ ስናውቅ «በኋላ» የሚል ትርጉም ያለውን «አፍተር» እንጠቀም። «ሲንስ» አንድም «ከዚያ ጊዜ ጀምሮ»፣ አንድም «ምክንያቱም» ማለት ስለሚሆን፣ ሐሳቡ ለሁለት በሚተረጎምበት ቦታ ይቅር። «ዜርፎር» እና «ቢኮዝ» ግን ምክንያቱን በማስረጃ ልናሳይ በምንችልበት ቦታ ብቻ ይግቡ።

መልመጃ

ኮሚቴዎች የመጨረሻውን ዘገባቸውን አውጥተው፣ አያያዥ ቃላቱን ሁሉ ያስምሩባቸው። ከዚያም በእያንዳንዱ ላይ ይጠይቁ፦ ቃሉ ይጨምራል? ይቃረናል? ወይስ ምክንያት ይሰጣል? ምክንያት የሚሰጥ ከሆነ ማስረጃው በየትኛው መዝገብ ይገኛል? መልስ ያልተገኘለት አያያዥ ዘገባው ሳይላክ ይለወጥ።