የሞተር ብስክሌት የስፖንጅ አየር ማጣሪያ አያያዝና እጥበት በአቧራማ የመስክ ሥራ

ድርቅ በሚያጠቃቸው ወረዳዎችና በሠፈራ አካባቢዎች የሚሰማሩ ሠራተኞች ከዋናው መንገድ ርቀው ወደሚገኙ መንደሮች የሚደርሱት በአብዛኛው በእግር፣ በበቅሎ ወይም በሞተር ብስክሌት ነው። የጭነት መኪና እህሉን እስከ ማከፋፈያው ጣቢያ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ፣ ማለትም የተረጂዎችን ዝርዝር በየቤቱ ማጣራት፣ የሕፃናትን ክንድ እየለኩ የተጎዱትን መለየት፣ የጉድጓድ ውሃ መጉደሉን ወይም የከብት በሽታ መግባቱን ተመልክቶ በጊዜ ማስታወቅ፣ ቀላል መጓጓዣን የሚጠይቅ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ ብዙውም በፈቃዱ ሳይሆን፣ ከሰሜኑና ከማዕከላዊው የአገሪቱ ክፍል ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላና ወደሌሎችም አካባቢዎች በተወሰደበት ወቅት የመንደሮቹ መራራቅ ለአገልግሎት ሰጪው ምን ያህል ፈተና እንደሆነ በግልጽ ታይቷል። እንዲህ ባለ ስፍራ አንድ ሞተር ብስክሌት ለሁለት ወር ሲቆም ከመንደሮቹ የሚመጣው ወሬም ለሁለት ወር ይዘገያል። ሁለት ወር ደግሞ ለተራበ ሕፃን ረጅም ጊዜ ነው።

የመስክ ሞተር ብስክሌቶች ከሚገባቸው ዕድሜ በፊት ከሚያረጁባቸው ምክንያቶች ዋነኛው አቧራ ነው። አቧራን ከሞተሩ የሚከለክለው ዕቃ ደግሞ በእጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ አንድ የስፖንጅ ቁራጭ ነው። ዋጋው ከሞተሩ እድሳት ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይሁን እንጂ በጣቢያዎች በጀት ውስጥ ለቤንዚንና ለጎማ ሲመደብ ለማጣሪያና ለማጣሪያ ዘይት ሳይመደብ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ ሊትር ቤንዚን በሚገባ ተቃጥሎ ኃይል እንዲሰጥ በባሕር ጠለል ከፍታ 9,000 ሊትር ያህል አየር ያስፈልገዋል። ይህም ባለ 200 ሊትር 45 በርሜል የሚሞላ ነው። በደጋው አየሩ ስለሚሳሳ ያው አንድ ሊትር ቤንዚን ከዚህም የበለጠ መጠን ያለው አየር ይስባል። ስለዚህ ስምንት ሊትር ቤንዚን በጨረሰ የአንድ ቀን ጉዞ ከ360 በርሜል የማያንስ አየር፣ ከነተሸከመው አቧራ፣ በዚያች ትንሽ ስፖንጅ በኩል ያልፋል ማለት ነው።

ስፖንጁ እንደ ወንፊት የሚሠራ ይመስላል፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። ቀዳዳዎቹ በዓይን የሚታዩ ሲሆኑ ሞተርን የሚበላው ብናኝ ግን ለዓይን የማይታይ፣ ከሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ አምስት፣ ዐሥር ወይም ሃያ እጅ የሚያህል ነው። ወንፊት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ያልፍ ነበር። አየሩ በስፖንጁ ውስጥ በተጠማዘዘ መንገድ እየታጠፈ ሲሄድ ከአየሩ የከበደው ብናኝ አብሮ መታጠፍ ስለማይችል ከቀዳዳዎቹ ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ግድግዳው በዘይት የተለበጠ ከሆነ ብናኙ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ ደረቅ ከሆነ ግን ነጥሮ መንገዱን ይቀጥላል። በመሆኑም አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ሲሆን ስፖንጁ የዘይቱ ተሸካሚ ነው። ታጥቦ ደርቆ ዘይት ሳይቀባ የተመለሰ ማጣሪያ ለዓይን ንጹሕ ቢመስልም ለሞተሩ ከቆሻሻው ማጣሪያ የከፋ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ይኸው ነው። በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያ ይናገራል፦ ሞተሩ በጠዋት አልነሣ ይላል፣ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ቤንዚን ይበላል፣ በማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላው ሲፈታ በጥላሸት ተሸፍኖ ይገኛል። ባለሙያው ይህን ሲያይ ማጣሪያውን ያስታውሳል። የደረቀ፣ የተቀደደ ወይም ከአቀማመጡ የተዛነፈ ማጣሪያ ግን ምንም አይናገርም። እንዲያውም አየር እንደ ልብ ስለሚያስገባ ሞተሩ ቀልጣፋ ይመስላል። በዚያው ጊዜ ከሲሊንደሩ ብረት ይልቅ የጠነከረው የአሸዋ ብናኝ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ወሬው የሚሰማው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ሰማያዊ ጭስ፣ የዘይት መጉደል፣ የትንፋሽ ማነስ። ያን ጊዜ ማጣሪያውን ማጠብ የጠፋውን ብረት አይመልስም።

ጉዳቱ እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ባሉት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች አየሩና ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደሩ ከመግባታቸው በፊት በኮሎው ቤት ውስጥ ስለሚያልፉ አቧራው የኮሎውንና የቤላውን ኩሽኔታ ጭምር ይበላል። እንደ ያማሃ ኤጂ 200 ወይም እንደ ሆንዳ ኤክስኤል 125 ባሉት ባለ አራት ምት ሞተሮች ደግሞ በፒስተኑ ቀለበቶች አጠገብ ሾልኮ ከሞተሩ ዘይት ጋር ይቀላቀልና ዘይቱ በሚደርስበት ሁሉ ይዳረሳል። በሁለቱም ዓይነት የሚተካው ዕቃ ከወረዳ ከተማ የማይገኝ ነው።

እዚህ ላይ ደጋና ቆላን እያፈራረቁ የሚሠሩ ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከደሴ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ ሞተር ብስክሌት ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። አየሩ ስለሚወፍር ጉልበት ያገኛል፤ ሲመለስ ደግሞ ይደክማል። ሹፌሩ ድካሙን የዳገቱ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ወይም ካርቡራተሩን ከፍቶ ያስተካክላል። ነገር ግን በአፋር ሜዳ የተሞላው ማጣሪያ የድካሙ ግማሽ ባለቤት ሊሆን ይችላል። ካርቡራተር ከመነካቱ በፊት ማጣሪያው መታየት አለበት። በተደፈነ ማጣሪያ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር ማጣሪያው ሲታጠብ እንደገና መዛነፉ አይቀርም፤ ቤንዚኑ ከአየሩ ሲያንስ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

እጥበቱ ከነፋስና ከመንገድ አቧራ በተከለለ ቦታ ይከናወናል። መቀመጫው ወይም የጎን ሽፋኑ ከመፈታቱ በፊት በላዩ ያለው አፈር በብሩሽና በጨርቅ ይጠረጋል፤ አለዚያ ሲከፈት ወደ ውስጥ ይወርዳል። ማጣሪያው ሲወጣ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይዘጋል። ጨርቁ ትልቅና ጫፉ ወደ ውጭ የሚታይ ይሁን፤ ተረስቶ ወደ ውስጥ የተሳበ ጨርቅ ታሪክ በብዙ ጋራዥ ይነገራል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ምርመራ አለ፦ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ጣት ወደ ካርቡራተሩ በሚወስደው የጎማ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ይጠርግ። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ወይም ዘይት ብቻ ነክቶት ከወጣ ማጣሪያው ሥራውን ሠርቷል። ደቃቅ አፈር ይዞ ከወጣ አቧራው የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ፤ ስፖንጁ ተቀዷል፣ ዳርቻው አልገጠመም፣ የጎማው ቧንቧ ተሰንጥቋል ወይም ማሰሪያው ላልቷል ማለት ነው። ለተቆጣጣሪ ሹም ከማናቸውም የጽሑፍ ሪፖርት ይልቅ ይህ የጣት ምርመራ ሁኔታውን በእውነት ይነግረዋል። ሁለት ደቂቃም አይፈጅም።

ስፖንጁ ከሽቦ ወይም ከፕላስቲክ ቅርጹ ተላቅቆ በነጭ ጋዝ ይታጠባል። ቤንዚን ለዚህ ሥራ ሊውል አይገባም። እሳት የመያዙ አደጋ ከፍተኛ ከመሆኑም በላይ ስፖንጩን ያጋጠመውን ማጣበቂያ ያላቅቃል፣ ስፖንጁንም ያደክማል። ማጣሪያው ነጭ ጋዙ ውስጥ ገብቶ በመዳፍ መካከል እየተጨመቀ ይለቀቃል እንጂ እንደ ልብስ አይጠመዘዝም፤ የተጠመዘዘ ስፖንጅ በስፌቱ በኩል ይቀደዳል። በኮምፕሬሰር አየር መንፋትም ቀዳዳዎቹን ስለሚያሰፋ ይከለከላል። ውሃ በሚገኝበት ቦታ ከነጭ ጋዙ በኋላ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ውሃ በቦቴ በሚታደልበት ጣቢያ ግን ለሰው የመጣውን ውሃ ለማጣሪያ ማዋል ተገቢ ስላልሆነ በሁለተኛ ንጹሕ ነጭ ጋዝ ማለቅለቅ ይበቃል። ያገለገለው ነጭ ጋዝ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ሲያድር ጭቃው ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለው ቀስ ተብሎ ተቀድቶ ለሚቀጥለው የመጀመሪያ እጥበት ያገለግላል። ዝቃጩ ከጉድጓድ ውሃና ከከብት ማጠጫ ርቆ ይወገድ። ነጭ ጋዝ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ እንዳይቀመጥም ጥብቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሠፈራ ጣቢያ ልጆች ብዙ ናቸው፣ የተጠማ ልጅም ጠርሙስ አይመርጥም።

ማድረቂያው ጥላና ነፋስ ነው። ብርቱ ፀሐይ ስፖንጁን ያፈራርሰዋል፤ በእሳት ዳር ማድረቅ ደግሞ ከነጭ ጋዙ የተነሣ የሚያስከትለው የታወቀ ነው። ፈጽሞ ሳይደርቅ ዘይት ከተቀባ የቀረው ነጭ ጋዝ ዘይቱን ያቀጥነውና ከስፖንጁ ያወርደዋል።

ለዘይቱ የሚመረጠው ለስፖንጅ ማጣሪያ ተብሎ የሚሠራው ተጣባቂ ዘይት ነው። እርሱ ከጠፋ ንጹሕ የሞተር ዘይት፣ ከዚያም ወፈር ያለው የካምቢዮ ዘይት ይሠራል። ሆኖም የሞተር ዘይት በቀናት ውስጥ ወደ ታች እየወረደ የላይኛውን ክፍል ስለሚያደርቀው በየሦስትና በየአራት ቀኑ ማየት ግድ ይሆናል። ከሞተር የወጣ አሮጌ ዘይት የብረት ብናኝና አሲድ የያዘ በመሆኑ፣ የምግብ ዘይትም እየቆየ ስለሚረጋና ስለሚጣበቅ፣ ሁለቱም አይፈቀዱም። ዘይቱ ከፈሰሰበት በኋላ ስፖንጁ ቀለሙ በሁሉም በኩል አንድ ዓይነት እስኪሆን በእጅ ይታሻል፣ ትርፉም ተጨምቆ ይወጣል። በእጅ ሲያዝ ርጥብ ሆኖ የማይንጠባጠብ ከሆነ መጠኑ ትክክል ነው። ዘይት የበዛበት ማጣሪያ አየር ያፍናል፣ ሞተሩንም በጥቁር ጭስ ያስቸግራል። ከቤቱ ጋር የሚገናኘው ዳርቻ ስስ ግራሶ ተቀብቶ ይገጠማል፤ ከተገጠመም በኋላ ዙሪያው በጣት እየተዳሰሰ ይመረመራል። ብዙ ደኅና የታጠቡ ማጣሪያዎች ዋጋ የሚያጡት በዚህ የመጨረሻ ደረጃ ላይ በሚፈጸም ችኮላ ነው።

እዚህ የተነገረው ሁሉ የስፖንጅ ማጣሪያን ይመለከታል። የወረቀት ማጣሪያ ያላቸው ሞተሮች አሉ፤ ወረቀት በነጭ ጋዝ አይታጠብም፣ ዘይትም አይቀባም።

ስንት ቀን ቆይቶ ይታጠብ ለሚለው አንድ ወጥ መልስ አይኖርም። በፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈው የኪሎ ሜትር ልክ ለተራ መንገድ የታሰበ ሲሆን መጽሐፎቹም በአቧራማ ቦታ ልኩ እንዲያጥር ያዛሉ። በቆላ በበጋ ወራት ማታ ማታ ማየት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ማጠብ መጠነኛ ልማድ ነው። የእህል ጫኝ መኪኖችን ተከትሎ የዋለ ሞተር ብስክሌት ግን በዚያው ማታ ሊታጠብ ይገባዋል። ከሁሉም የሚሻለው አለመከተል ነው፤ መኪኖቹን አሳልፎ አቧራው እስኪረግፍ ከዛፍ ጥላ ሥር ሩብ ሰዓት መቆየት ከአንድ እጥበት ይረክሳል። በመቀመጫው ላይና በጎኑ የሚጫነው ጆንያም የአየር መግቢያውን እንዳይሸፍን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ትእዛዝ ብቻውን ይህን ሥራ አያሠራም። ማጣሪያው እስኪደርቅ ሰዓታት ስለሚወስድ አንድ ማጣሪያ ብቻ ያለው ሠራተኛ፣ ጠዋት የሚጠብቀው መንደር ካለ፣ ሳያጥብ ይሄዳል ወይም ርጥቡን ይገጥማል። ይህን እንደ ቸልተኝነት ቆጥሮ መገሠጽ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱ ያለው ሁለተኛ ማጣሪያ ሳያስገዛ ሞተር ብስክሌቱን ባስረከበው ክፍል ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሞተር ብስክሌት ሁለት ስፖንጅ፣ አንድ ጣሳ የማጣሪያ ዘይት፣ ነጭ ጋዝና ክዳን ያለው ቆርቆሮ፣ እንዲሁም በሳምንት አንድ ግማሽ ሰዓት ከሥራ ሰዓት ተቆርጦ ሊሰጥ ይገባል። የታጠበውና ዘይት የተቀባው መለዋወጫ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ በዕቃ ሳጥን ሲቀመጥ ልውውጡ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ስፖንጁ ከጠፋ በፍራሽ ስፖንጅ መተካት በየቦታው የሚታይ ዘዴ ነው። ቀዳዳው ወጥ ስላልሆነና ቤንዚን ሲነካው ስለሚጎዳ ሞተሩን ወደ ጣቢያ ለመመለስ ያህል ካልሆነ በቀር አይታመንም።

በእርዳታ መጥተው በመጋዘን የቆዩ ሞተር ብስክሌቶች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ስፖንጅ በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ይበሰብሳል፤ ለዓይን ሙሉ ሆኖ በጣት ሲነካ እንደ ቂጣ ፍርፋሪ የሚፈርስ አለ። ያልተነዳ አዲስ ነው ተብሎ ሞተሩ ሲነሣ ፍርፋሪው ይሳባል። ስለዚህ ከመጋዘን የሚወጣ ማናቸውም ሞተር ብስክሌት ቤንዚን ከመሞላቱ በፊት የማጣሪያው ቤት ይከፈት።

ክረምት ሲገባ አቧራው በጭቃና በውሃ ይተካል። በማጣሪያው ቤት ግርጌ ያለችው የማፍሰሻ ቱቦ በጭቃ ተደፍና ከሆነ ወንዝ ሲሻገሩ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል፣ ስፖንጁም ከታች ይርሳል። ቱቦዋ በየሳምንቱ ትጨመቅ፤ ከእርስዋ የሚወጣው ውሃ፣ ዘይት ወይም አፈር መሆኑም ከኪሎ ሜትሩና ከቀኑ ጋር በሞተር ብስክሌቱ መዝገብ ላይ ይጻፍ።