የወናጎ ዓመትና የዳታ ተማሪ ዓመት

የዩኒቨርሲቲ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ በመስከረም ወይም በጥቅምት ተጀምሮ በሰኔ ያልቃል። የወናጎ ዓመት ግን እንዲህ አይደለም። ቡናው የበልግ ዝናብ ሲያገኘው በየካቲትና በመጋቢት ያብባል፤ ክረምቱን ፍሬው ሲያድግ ይከርማል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀልቶ ይለቀማል። እንሰቱማ ጭራሽ የዓመት ወሰን የለውም፤ ተተክሎ ብዙ ዓመት ከቈየ በኋላ ባለቤቱ በፈለገበት ወር ይነቀላል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጕዳይ ይህ ነው፤ እኛ ዳታ ሳይንስ እንማራለን የምንል ተማሪዎች፥ የክፍላችን ዓመት ከገበሬው ዓመት ጋር ባለመግጠሙ ምን ያህል ስሕተት ቍጥር አስመስለን እናስረክባለን?

ዳታ ሳይንስ የሚለው ስም አዲስ ነው። ነገሩ ግን ስታቲስቲክስና የኮምፒዩተር ሥራ ሲሆን፥ ሦስተኛ የሚጨመርበት የሚጠናውን ነገር ራሱን ማወቅ ነው። ሁለቱን በክፍል ውስጥ እንማራለን፤ ሦስተኛውን የሚያስተምረን መንገዱ ነው። ወናጎ ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ስለምትገኝ፥ በዲላ ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ሰው ሩቅ ናት የሚያሰኝ ምክንያት የለም።

በመጀመሪያ ስለ ኪሎ እንናገር። ሦስት ገበሬዎችን «ዘንድሮ ስንት ኪሎ ቡና አገኛችሁ?» ብለን ብንጠይቃቸውና ሦስቱም «600» ብለው ቢመልሱልን፥ በኮምፒዩተራችን ላይ እኩል ሆነው ይቀመጣሉ። ነገር ግን አንደኛው የተናገረው ከዛፍ ስለ ለቀመው ቀይ እሸት፥ ሁለተኛው ስለ ደረቅ ጀንፈል፥ ሦስተኛው ስለ ተፈለፈለ ንጹሕ ቡና ሊሆን ይችላል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት፥ ወይም ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ጀንፈል ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው 100 ኪሎ ያህል፥ ሁለተኛው 300፥ ሦስተኛው 600 አለው ማለት ነው። በዚህ ላይ በፈረሱላ የሚቈጥር ሲመጣ፥ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ ግራ ይጋባል። የሦስቱን መልስ ደምረን ለሦስት ብናካፍል 600 ይወጣል፤ ሒሳቡ ልክ ነው፥ ነገሩ ግን ሐሰት ነው። ማንም ኮምፒዩተር ይህን አያርምልንም፤ ከጥያቄው አጠገብ «እሸት ነው ወይስ ጀንፈል?» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ታርመዋለች።

ከኪሎው የባሰው ወሩ ነው። ኅዳር ላይ ወደ አንድ የወናጎ ቤት ገብተን ስለ ገቢ ብንጠይቅ፥ ቡናው እየተሸጠ ስለ ሆነ በእጅ ገንዘብ አለ፤ ዕዳ ይከፈላል፥ ልብስ ይገዛል። በሐምሌ ወደዚያው ቤት ብንመለስ የቡናው ገንዘብ አልቋል፤ የሚበላው እንሰት ነው። እኛ ግን የመመረቂያ ጽሑፍ የምናዘጋጀው በወዲያኛው መንፈቅ ስለ ሆነ፥ መጠይቃችንን ይዘን የምንወጣው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ለምን በዚያ ወር ሆነ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ለእኛ ስለ ተመቸን። ቡናም አንድ ዓመት በብዛት ካፈራ በሚቀጥለው ዓመት የመድከም ጠባይ አለው። ስለዚህ የአንድ ዓመት መልስ ይዞ «የወረዳው ምርት ቀነሰ» ወይም «አደገ» ብሎ መደምደም፥ ሰውን በአንድ ቀን ትኵሳቱ ጤነኛ ወይም በሽተኛ ነው እንደ ማለት ነው።

የእንሰቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በስንዴ ማሳ 4 ሜትር በ4 ሜትር ለክቶ፥ አጭዶና መዝኖ የሄክታሩን ምርት መገመት የታወቀ ዘዴ ነው። እንሰት ግን በአንድ ጊዜ አይታጨድም። በጓሮው ውስጥ የዘንድሮው ችግኝና ለመነቀል የደረሰው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ከተነቀለም በኋላ ተፍቆ፥ በጕድጓድ ተቀብሮና ብላቶ ነው ቆጮ የሚሆነው። ስንት እግር እንዳለ አባወራው ይነግረናል። ከአንዱ እግር ምን ያህል ቆጮና ቡላ እንደሚወጣ ግን የሚያውቁት የፋቁት እናት ናቸው። መጠይቃችን «የቤቱ ኀላፊ» ብሎ ጀምሮ በዚያው ስለሚያበቃ፥ እርሳቸውን ሳንጠይቅ ቡናቸውን ጠጥተን እንወጣለን። በጌዴኦኛ ሊመልሱልን የሚችሉትን በአማርኛ ስንጠይቃቸውም ዝምታቸውን «አላውቅም» ብለን እንጽፋለን።

አሁን ወደ ትልቁ ቍጥር እንለፍ። በ1999 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434 ነበር። የዞኑ ስፋት 1,210.89 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ፥ በአንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ሰው ያህል ይደርሳል። ይህ አማካይ ነው፤ በወናጎ በኩል ከ1,000 በላይ የሚኖርበት ቀበሌ አለ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቈጠራ ሳይደረግ ከ18 ዓመት በላይ አልፏል፤ አራተኛው ቈጠራ ታቅዶ ተላልፏል። ስለዚህ ሁሉም የሚሠራው በግምት ነው። ግምቱን እኛም ሞከርነው። ሕዝቡ በየዓመቱ በመቶ 2.5 አደገ ብንል በ2017 ዓ.ም 1,322,000 ያህል ይሆናል፤ በመቶ 3 አደገ ብንል ግን 1,443,000 ያህል። በግማሽ ፐርሰንት ልዩነት 121,000 ሰው ይታያል ወይም ይጠፋል። ለክልሎች የሚሰጠው የፌዴራል ድጋፍ ሲከፋፈል የሕዝብ ብዛት ከዋናዎቹ መመዘኛዎች አንዱ ስለ ሆነ፥ የክሊኒኩና የትምህርት ቤቱም ዕቅድ በዚሁ ስለሚመራ፥ ይህ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። በዚያም ላይ በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት ተነሥቶ በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉና በኋላም ሲመለሱ፥ የእድገት ቀመራችን ይህን ሁሉ በቀጥታ መሥመር አልፎታል።

«ይህ ሁሉ የሰው ጥያቄ ችግር ነው፤ ሳተላይቱ ይፈታዋል» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ መስሎን ነበር። ነገር ግን የጌዴኦ ማሳ ፎቅ ቤት ነው፤ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፥ ከሥሩ እንሰት፥ ከእንሰቱ ሥር ቡና። ይህ አያያዝ ነው በ2016 ዓ.ም መስከረም የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ያስጻፈው። ሳተላይቱ ከሰማይ የሚያየው ጣራውን ብቻ ስለ ሆነ፥ በሌላ አገር ፎቶግራፍ የሠለጠነ ማሽን የገበሬውን ጓሮ «ደን» ብሎ ይጽፈዋል። ስሕተቱ ዋጋ አለው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፥ የሚጸናበት ቀን ቢራዘምም፥ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። እንግዲህ ትናንት በስሕተት «ደን» የተባለው ጓሮ፥ አንድ አሮጌ ዋንዛ ለቤት ሥራ ሲቈረጥበት ነገ «የተመነጠረ» ይባል ይሆናል። ለዚያ ማሽን እዚህ ያለውን እውነት የሚያስተምረው፥ በእግሩ ሄዶ «ይህ ጓሮ ነው፤ ይህ ደን ነው» ብሎ ምልክት የሚያደርግ ሰው ነው። ከዲላ ተማሪ የቀረበ ማን አለ?

ስለዚህ ለክፍሎቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በአራተኛው ዓመት አንድ ጊዜ አዲስ መጠይቅ ከሚበትን፥ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የተመረጡ ጥቂት ቤቶች ይያዙ፤ ፈቃዳቸው ይጠየቅ፤ በጥቅምት፥ በጥር፥ በሚያዝያና በሐምሌ በዓመት አራት ጊዜ ይጐብኙ። የእረፍቱን የሐምሌ ጕብኝት አገራቸው ቅርብ የሆነ ተማሪዎች ይያዙት። ተመራቂው ሲወጣ ደብተሩን ለሚተካው ያስረክብ፤ የሰዎቹ ስም ግን ተለይቶ ይቈለፍበት። የቤት ኪራይና የዳቦ ገንዘብ የሚቸግረን ሰዎች የመኪናውን ወጪ ከየት እናመጣለን የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ የሚቀርበው ቤት በእግር፥ የሚርቀው በባጃጅ ይደረሳል። የመጠይቁን ረቂቅ ጀምረናል፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ እስካሁን ያለው «እሸት ነው ወይስ ጀንፈል?» የሚለውና «ቆጮውን የፋቁት ማን ናቸው?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው።