የሄደ ደን ይመለሳልን?
ስለ ራሱ ተተኪ ደን የቀረበ ትምህርት



«ከመቶ ዓመት በፊት ከአገራችን መሬት 40 በመቶው በደን ተሸፍኖ ነበር፤ ዛሬ የቀረው 3 በመቶ ብቻ ነው» የሚለውን አባባል በትምህርት ቤትም በስብሰባም ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ ሳናጣራ ለሌሎች ያስተማርንም አለን። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን በ1997 ባሳተመው ጥናት የአባባሉን ምንጭ መርምሮ፣ 40 የሚለው ቁጥር በመለኪያ ያልተደገፈ መሆኑን አሳይቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ማለት ደን አልጠፋም ማለት አይደለም። ነገር ግን አባባሉ ደንን አንድ ጊዜ ተሰጥቶ እየተቀነሰ የሚያልቅ ሀብት አስመስሎ ያሳየናል። እውነቱ ከዚህ ይሰፋል፤ ደን ይሄዳል፤ ጊዜና ጥበቃ ካገኘም ይመለሳል።

1. ቃሉንና መለኪያውን እንወቅ

ራሱን የሚተካ ደን የሚባለው ዛፎቹ በአብዛኛው በሰው እጅ ሳይተከሉ፣ ከወደቀ ዘር የበቀሉበት ወይም ከጉቶ ያቆጠቆጡበት ደን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የየአገሩን ደን ሲመዘግብ ይህን ከተተከለው ደን ለይቶ ያስቀምጣል። መለየቱ ያስፈልጋል፤ አንድ አገር ጥንታዊ ደኑን አጥቶ በምትኩ ያንኑ ያህል ባሕር ዛፍ ቢተክል፣ በጠቅላላው ቁጥር ላይ ጉድለቱ አይታይምና።

መለኪያውም ራሱ ይለወጣል። በፋኦ አገላለጽ ደን ማለት ስፋቱ ከግማሽ ሄክታር በላይ፣ የዛፎቹ ቁመት ከ5 ሜትር በላይ፣ የቅርንጫፎቹ ጥላም ከ10 በመቶ በላይ የሆነ ቦታ ነው። ኢትዮጵያ ግን በ2015 ቁመቱን 2 ሜትር፣ ጥላውን 20 በመቶ አድርጋ ወሰነች፤ በዚህም ጥቅጥቅ ያሉት የቆላ ዛፎች በደንነት ተቆጠሩ። በአዲሱ መለኪያ መሠረት የአገሪቱ የደን ሽፋን 15.5 በመቶ ሆነ። ይሁንና ከ3 ወደ 15.5 የተደረሰው አዲስ ደን ስለ በቀለ አይደለም። እንዲያውም በዚያው ስሌት ከ2000 እስከ 2013 በየዓመቱ 92,000 ሄክታር ደን ሲጠፋ፣ አዲስ የተገኘው 19,000 ሄክታር ብቻ ነበር። እንግዲህ የመለኪያን ለውጥ ከደን ለውጥ መለየት የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው።

2. ጭቃውና ፎቶግራፉ የሚመሰክሩት

በደቡብ ወሎ በሐይቅና በአርዲቦ ሐይቆች ግርጌ በየዘመኑ የተደራረበ ጭቃ አለ፤ በውስጡም የአበባ ብናኝ ሳይበሰብስ ይቆያል። ተመራማሪዎች ይህን ብናኝ መርምረው በ2003 ባወጡት ጥናት እንደ ገለጹት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ የዝግባና የጽድ ደን ተመንጥሮ ቦታውን ክትክታና ሣር ያዘው። ይህ ሁኔታ ወደ 1,800 ዓመታት ያህል ቆየ። ከዚያም የጽድ ደን ከወይራ ጋር ተመልሶ ተስፋፋ። ችግኝ ጣቢያም ዘመቻም አልነበረም፤ ምናልባት የሰው ቁጥር ቀንሶ መሬቱ ዕረፍት አግኝቶ ይሆናል። ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ ምንጠራው እንደገና በረታ።

ሁለተኛው ምስክር ፎቶግራፍ ነው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ በዘመተ ጊዜ በሰሜን ተራሮች የተነሡ ፎቶግራፎች ነበሩ። በ2008 ተመራማሪዎች በዚያው ስፍራ ቆመው ዳግመኛ ፎቶ አነሡ። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ብዙው ተዳፋት በ1868 የተራቆተ ነበር፤ ከ140 ዓመት በኋላ ግን የዛፉና የቁጥቋጦው ሁኔታ ተሻሽሎ ተገኘ። ለዚህም የእርከን ሥራና ከከብት የተከለሉ ቦታዎች አስተዋጽኦ አድርገዋል። ያም ሆኖ የተመለሰው ዋስትና የለውም፤ በትግራይ ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ሕዝቡ ማገዶ ሲያጣ ብዙ ዛፍ ተቆርጧል።

3. ደን እንዴት ይመለሳል?

አንደኛው መንገድ ጉቶ ነው። ዛፉ ቢቆረጥም ሥሩ በሕይወት ካለ በየዓመቱ ቀንበጥ ያወጣል፤ ከብትና መጥረቢያ ስለሚቀድሙት ግን ዛፍ አይሆንም። በወላይታ በሁምቦ ወረዳ ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር ተራራማ መሬት ሲከለል፣ አብዛኛው የለማው ከእነዚህ ጉቶዎች ነው። ገበሬዎቹ ጠንካራውን ቀንበጥ እየመረጡ ሌላውን መለመሉ፤ ችግኝ የተተከለው በጥቂቱ ክፍል ብቻ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ዘር ነው። የብዙ የደጋ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ረጅም ጊዜ አይቆይም፤ ስለዚህ እናት ዛፍ በአቅራቢያው ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በገደል አፋፍ የተረፉት ዛፎች ዋጋቸው በዚህ ይታወቃል። ወፎች የወይራውን ፍሬ በልተው ዘሩን በደደሆ ቁጥቋጦ ሥር ይጥሉታል፤ ቁጥቋጦውም ችግኙን ከፀሐይና ከፍየል ይሸሽገዋል። «ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል» እያልን ቁጥቋጦን ብንንቅም፣ ለደን ግን ሞግዚቱ እርሱ ነው። ቦታውን ለችግኝ ተከላ ብለን ስንመነጥር ሞግዚቱን አብረን እናጠፋለን።

4. ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

መሬት ሲከለል ለደኑ ዕረፍት ነው፤ እረኛው ግን ግጦሹን ያጣል፤ ማገዶ ለቅማ የምታድር እናትም መንገዷ ይረዝምባታል። ይህን ሳያስቡ መከልከል በድኻው ላይ ሸክም መጫን ነው፤ ሌሊት የሚቆረጥ ደንም ከዚህ ይወለዳል። በሁምቦ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብት አግኝተዋል፤ ከብት ባይገባም ሣሩን አጭደው ይወስዳሉ፤ ከምልመላው የሚገኘውን ጭራሮም ለማገዶ ይጠቀሙበታል። ደኑ ያመቀው ካርቦን እንዲሸጥም ሥራው በ2009 በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመዝግቧል። ባለቤትነቱን ያወቀ ሰው ጠባቂ አይሻም።

ስለዚህ ችግኝ መትከል መልካም ሆኖ ሳለ፣ ከመትከል በፊት መሬቱን ጎንበስ ብሎ ማየት ይገባል። በእግራችን የምንረግጠው ጉቶ ሕያው ሊሆን ይችላል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በቁምስናችሁ አካባቢ ከመቆረጥ የተረፉት እናት ዛፎች የት የት ይገኛሉ? ስማቸውን ሽማግሌዎችን ጠይቁ።
ለ. በተራቆተው መሬት ላይ ሕያው ጉቶ አለን? እንዳያድግ የሚያደርገው ምንድን ነው?
ሐ. ያ መሬት ቢከለል በመጀመሪያ የሚጎዳው ማን ነው? በምትኩስ ምን ሊሰጠው ይገባል?