አበባውን ይዛችሁ ውጡ

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ አራዳ ውስጥ፣ እናቷ ክርስትና በተነሣችበት ቤተ ክርስቲያን አገባች። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት እህቴና ጎረቤቶቿ ከፒያሳ ተነሥተው ወደ ከተማው ዳር ከተበተኑ ወዲህ፣ ሰፈርተኛው እንደዚያ ቀን ተሟልቶ ተገናኝቶ አያውቅም። ሥርዓቱ አልቆ እልልታው ግቢውን ሞላው። መኪኖቹ ጥሩንባቸውን እያንባረቁ ምኒልክ አደባባይን ዞሩና ሙሽሮቹን ለፎቶ ወደ መናፈሻ ይዘው ሄዱ። እኔ ነጠላዬን ረስቼ ኖሮ ወደ ውስጥ ተመለስኩ።

ሁለት የዲኮር ልጆች ነጩን ጽጌረዳ ከማስቀመጫው እየመዘዙ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ይከታሉ። ጠጋ ብዬ አየሁት። አብዛኛው ገና እንቡጥ ነው፤ የውጪዎቹ ቅጠሎች ብቻ ትንሽ ከፈት ብለዋል፣ ግንዱ ላይ የጠዋቱ ውሃ አልደረቀም።

«ምን ልታደርጉት ነው?»

«ይጣላል፣ እትዬ። አዳራሹ ሌላ ተሠርቶለታል።»

አገልግሎቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ታይቶ ቆሻሻ!

ያን ቀን ያዳኑን የሰፈራችን እድር ዕቃ ቤት ኃላፊ የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የድንኳን ካስማ፣ ድስትና ሳህን ቆጥረው አስረክበው ቆጥረው የተረከቡ ሴት ናቸውና፣ አንድ ዕቃ ለአንድ ቀን ብቻ ይሠራል ቢሏቸው አይገባቸውም። ነጠላቸውን አደገደጉና «ባልዲ ፈልጉ!» አሉ። ሦስት ባልዲ ተገኘ፤ ግማሽ ግማሽ ውሃ ተደረገበት፤ ሚኒባሷ ውስጥ በሰዎች እግር መሃል ተቀምጦ አበባው ወደ አዳራሽ ተጓዘ። መድረኩ በሌላ አበባ ተሸልሞ ነበር፤ የእኛው ግን ማንም ያላሰበባቸው የኋላ ጠረጴዛዎች ላይ፣ በውሃ ብርጭቆ፣ ሁለት ሁለት ዘንግ ሆኖ ተቀመጠ። የድሮ ጎረቤቶቻችን የተቀመጡት እዚያ ነበር። ማታ ሲለያዩ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ዘንግ ይዘው ወደ አዲሱ ሰፈራቸው ሄዱ። በሳምንቱ እህቴ ደውላ «የጎረቤቶቼ አበባ ዛሬም አለ፤ መስኮት ላይ ነው» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ለምታገቡ፣ ልጅ ለምትድሩ፣ ሚዜ ለምትሆኑ ነው። የሠርግ አበባችሁ ሁለት ቦታ፣ ሦስት ቦታ ሊያገለግል ይችላል። ያን ለማድረግ ሀብታም መሆን አይጠበቅባችሁም፤ ቀደም ብሎ ማሰብ ይበቃል።

አበባ ለዚህች ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃ አጠገብ ሆነው ለአዲሱ ሰፈር ስም ሲያወጡ ያዩት አበባ ነው። አራዳ መሃል ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስም ሙሉ ስሙ ገነተ ጽጌ ነው፤ የአበባ ገነት። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ደጃፍ ላይ ደግሞ ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ ትልቁ የአራዳ ገበያ ይቆም ነበር። «አራዳ» የሚለው ቃል ብልህና ንቁ ሰው መጠሪያ የሆነውም ከዚያ ሰፈር ሕይወት ነው። እኔ ሳድግ የአራዳ ልጅ የምንለው ብዙ የሚያወጣውን ሰው አልነበረም፤ በእጁ ያለውን ነገር የሚያውቅበትን ነበር።

በእጃችን ያለው ደግሞ ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ የአበባ ላኪ አገር ናት። በሆለታ፣ በሰበታ፣ በባቱ የሚለቀመው ጽጌረዳ በቅዝቃዜ ታሽጎ ቦሌ ደርሶ፣ በአውሮፕላን ሆላንድ ገብቶ፣ ከዚያም በሰው ቤት ጠረጴዛ ላይ ቀናት ይቆያል። ያን ሁሉ ጉዞ የሚችል አበባ ከፒያሳ እስከ አዳራሽ ያለችውን መንገድ አይችልም ብሎ መጣል ግፍ ነው። ቃሉን አስቤበት ነው የተጠቀምኩት።

ቤተሰባችን ከጥሩ ሠርግ፣ ከዚያ ባልዲ፣ ተማረ። በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ የጥሯ ሙሽራ ታናሽ ወንድም ሲያገባ አበባው የታዘዘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዲኮር ባለሙያዋ ጋር ገና ውል ሳንፈራረም «ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አበባው የት ይሄዳል?» ብለን ጠየቅን። እሷም ደስ አላት፤ ሁሉንም በሚነሣ ማስቀመጫ ሠራችው። በመተላለፊያው ግራና ቀኝ የቆሙት ረጃጅሞቹ የሙሽሮቹን መድረክ አጀቡ። በወንበሮቹ ጫፍ የታሰሩት ትንንሽ እቅፎች የእንግዶች ጠረጴዛ ላይ ዋሉ። የሙሽሪትና የሚዜዎቿ እቅፍ አበባ ደግሞ ወንበር ላይ ተረስቶ እንደሚደርቀው አልሆነም፤ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ኬኩን ከበበ። ለሁለተኛ አበባ ይወጣ የነበረው ገንዘብ የሙሽሮቹ ቤት ኪራይ ላይ ተጨመረ።

ጊዜው ይበቃል ወይ? ይበቃል፤ ምክንያቱም የእኛ ሠርግ የፎቶ ሰዓት አለው። ሙሽሮቹ መናፈሻ ሄደው ሲነሡ፣ እንግዳው ወደ አዳራሽ ሲያዘግም፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከዚያም በላይ ነጻ ጊዜ አለ። የፎቶው ሰዓት የአበባው ሰዓት ይሁን። ለዚህ ሥራ አንድ ሰው መድቡ፤ መኪና ያለውና ስልኩን የሚያነሣ ይሁን። የሙሽሪት እናት አትሁን፣ አንደኛ ሚዜም አይሁን። ያን ቀን እነሱ እጃቸው ሙሉ ነው።

አበባው የሚሞተው በመንገድ ነው፤ ስለዚህ ጠንቀቅ በሉ። የተቆረጠ ጽጌረዳ ውሃ ካጣ በግንዱ አየር ይገባና ውሃው መውጣት ያቅተዋል፤ አንገቱን የሚደፋው ያኔ ነው። ከባልዲ አታውጡት። አዳራሽ ሲደርስ ከግንዱ ጫፍ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡና ወዲያው ውሃ ውስጥ መልሱት፤ ውሃው ውስጥ የሚገባ ቅጠል ካለ ቀንጥሱት፣ አለበለዚያ ይበሰብሳል። ከፀሐይና ከፍራፍሬ ሳህንም አርቁት፤ የበሰለ ሙዝ የሚያወጣው ጋዝ አበባን ያጠወልጋል። የአዲስ አበባ ደጋ አየር ቀሪውን ያግዛችኋል፤ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ ያደረ አበባ ለመልሱም ይደርሳል።

ቤተ ክርስቲያኑን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ለቤተ ክርስቲያን ተብሎ የተሰጠ አበባ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሱ አይነካም። በጥር እሑዶች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ በላይ ሙሽሮች ስለሚኖሩ፣ ከእናንተ ቀጥሎ ማን እንደሚያገባም ጠይቁ። በአንድ ቀን ለአንድ መተላለፊያ ሁለት ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ከሚከፍል፣ ተነጋግሮ አንዱን መካፈል ይቻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚሉን ለእንዲህ ያለው ነው። የማያውቁት ሰው ጋ መደወል ያሳፍራል ትሉኝ ይሆናል። ደውሉ። የሚያገባ ሰው ያን ሰሞን ልቡ ክፍት ነው።

ልዑል ሃሪና ሜገን በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ሲጋቡ፣ የዊንድዘር ሠርጋቸው አበባ በማግስቱ እቅፍ እቅፍ ተደርጎ ለንደን ውስጥ ለሚታከሙ በጽኑ ለታመሙ ሰዎች ተሰጥቷል። የንጉሥ ቤት ያላፈረበትን እኛ ምን ያሳፍረናል? በእኛ ሰፈር ከመልሱ በኋላ የተረፈውን የሚቀበል አረጋውያን መርጃ አይጠፋም፤ መምጣታችሁን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ሠርጉ ላይ መምጣት ያልቻሉ፣ ቤት የዋሉ አዛውንት ጎረቤትም አሉ። እሳቸው ጋ አንድ እቅፍ አበባና አንድ ሳህን የሠርግ ምግብ አብረው ይግቡ።

እኒያ የእድር እናት በሚያዝያው ሠርግ አዳራሹ በር ላይ ቆመው ባልዲዎቹ ሲገቡ አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሰባት ነበሩ። ሰባቱም ሞልተው ደርሰዋል።

ጥር ሩቅ አይደለም። የዲኮር ባለሙያችሁን ስልክ ቁጥር አውጡና ዛሬ ማታ ደውሉላት፤ ስለ ቀለሙ ከመነጋገራችሁ በፊት አበባው ከቤተ ክርስቲያን በኋላ የት እንደሚሄድ ጠይቋት።