ስለ ዲስክ ተቆጣጣሪ ካርድ

ኮምፒዩተር የተሰጠውን ጽሑፍ ሁሉ ዲስክ በሚባለው ዕቃ ላይ ያኖራል፤ ዲስኩ የተበላሸ እንደ ሆነ የብዙ ዓመት የተማሪዎች መዝገብ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በኮምፒዩተሩና በዲስኮቹ መካከል ተቆጣጣሪ ካርድ ይገባል፤ እርሱም ብዙዎቹን ዲስኮች እንደ አንድ አድርጎ ያሠራቸዋል። የዚህን ሥርዓት ደረጃዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. ፓተርሰን፥ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ሊቃውንት በጽሑፍ ገለጡ።

ዲስኮቹ 3 ቢሆኑ፥ በአንደኛው 7፥ በሁለተኛው 5 ቢጻፍ፥ ካርዱ በሦስተኛው ላይ ድምሩን 12ን ይጽፋል። ሁለተኛው ቢበላሽ ከ12 ላይ 7 ተቀንሶ የጠፋው 5 ይገኛል። (የካርዱ ስሌት ከመደመር ጥቂት ይለያል፤ መንገዱ ግን ይኸው ነው።) ሁለት ዲስኮች በአንድነት ቢበላሹ ግን አያድንም፤ ጸሓፊው ተሳስቶ የደመሰሰውንም ካርዱ እንደ ታዘዘ ይደመስሳል። ስለዚህ የመዝገቡ ግልባጭ በሌላ ዲስክ ተጽፎ በሌላ ቤት ይቀመጣል።