ሾተላይና የጊዜ አዙሪት

በዚህ ሳምንት ጽሑፋችን ከአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ተነሥተን ስለ እናቶቻችን ልንነጋገር አስበናል። ድራማና የስማዳ እናት ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ቢኖር ትንሽ እንዲታገሠን እንለምናለን።

ድራማው «ዳርክ» ይባላል፤ ጨለማ ማለት ነው። የጀርመን ሥራ ሲሆን ከ2017 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በ26 ክፍሎች ቀርቧል። ታሪኩ የሚፈጸመው ቪንደን በምትባል የፈጠራ ከተማ ነው። እዚያ ጊዜ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፤ በየ33 ዓመቱ ይዞራል። ሰዎቹ የደረሰውን ጥፋት ለማስቀረት ወደ ኋላ ሲመለሱ ያንኑ ጥፋት በገዛ እጃቸው ያደርሱታል። ማን የማን አባት እንደሆነ ለማወቅ ደብተራችን ላይ የዘር ሐረግ እስከ መሣል ደርሰናል፤ አሁንም እንከራከርበታለን። እኛን ይበልጥ የያዘን ግን የእናቶቹ ነገር ነው። ካታሪና የምትባለው ሴት ባሏን ልታስለቅቅ ወደ 1987 ትመለሳለች፤ ከገዛ እናቷ ጋር ትጋጠምና ሐይቅ ዳር በእናቷ እጅ ትሞታለች። በዚያው ዓመት ካታሪና ገና ተማሪ ናት። እናቲቱ ትልቋን ልጇን ገድላ ወደ ትንሿ ልጇ ቤቷ ትገባለች! ክላውዲያ የተባለችው ደግሞ ልጇን ሬጊናን ለማትረፍ ስትል የአዙሪቱን መውጫ ስትፈልግ ታረጃለች። በእኛ አስተያየት የድራማው ዋና ሰው እሷ ናት እንጂ ወጣቱ ዮናስ አይደለም።

ታዲያ ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? በአገራችን ሾተላይ የሚባል አለ። አንዲት እናት ወልዳ ታቀፈች ሲባል ይሞትባታል። ደግማ ታረግዛለች፣ ገንፎ ይገነፋል፣ እልል ይባላል፣ ደግሞ ይሞታል። ያው ደስታ፣ ያው ለቅሶ፣ ያው ጎረቤት። መጨረሻ ላይ «ሾተላይ አለባት» ይባልና ጥፋቱ በእሷ ላይ ይወድቃል።

የጥንት ደብተራዎች ይህን ነገር በብራና ክታብ ላይ በታሪክ መልክ ጽፈውታል። ሱስንዮስ የሚባል ሰው ነበር (ንጉሡ ሱስንዮስ እንዳይመስላችሁ፤ ይኸኛው ቅዱሱ ነው)። ሚስቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ውርዝልያ የምትባል ክፉ መንፈስ ገብታ ልጁን ገደለችው። እናቲቱ አለቀሰች። ሱስንዮስ ፈረሱን ጭኖ፣ ጦሩን ይዞ፣ ውርዝልያን አሳዶ ወጋት፤ እሷም ስሙ ከተጠራበት ቦታ ላትደርስ ማለች። ልጅ የማይበረክትላት ሴት ይህን ጸሎት አስጽፋ አንገቷ ላይ ታስራለች። በግሪኮች ዘንድም ጊሎ የምትባል ሕፃን ገዳይና ሲሲንዮስ የሚባል አሳዳጅ ቅዱስ አሉ፤ ታሪኩ አገር አቋርጦ የተጓዘ መሆኑ ከስሙ ያስታውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውለናል። በታሪኩ ውስጥ እናቲቱ ታለቅሳለች፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ የፈረሰኛው ነው። ክታቡ ላይ ግን «አድናት» ተብሎ የሚጻፈው የባለቤቲቱ የክርስትና ስም ነው። ከታሪኩ የወጣችው እናት በስሟ በኩል ተመልሳ ትገባለች።

ስም ካነሣን ዘንድ የክፍል ስም መጥሪያችንን እንመልከት። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ፣ ቢተው፣ ኑርልኝ። እነዚህን ስሞች ለጥሩነታቸው ብቻ ያወጣ ሰው ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከኋላቸው የሞተ ወንድም ወይም እኅት አለ። ናይጄሪያዊው ቺንዋ አቼቤ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» ውስጥ ኤክዌፊ የምትባል እናት አለች። ከወለደቻቸው 10 ልጆች 9ኙ በሕፃንነታቸው ሞተውባታል፤ ካወጣችላቸው ስሞች አንዱም ሞትን የሚለማመጥ ነው። «ኑርልኝ» ከዚያ በምን ይለያል?

ወገዳ ለልምምድ ማስተማር በወጣን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ተማሪዎችን የስማቸውን ትርጉም ጠየቀ። ክፍሉ ይሥቃል፣ እጅ ይወጣል፣ ጥሩ እየሄደለት ነበር። አንድ ልጅ ተነሣና «ከእኔ በፊት የነበሩት ሦስቱ ስላልቆዩ ነው» አለና ተቀመጠ። መምህር ተብዬው የሚለው ጠፍቶት ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞረ። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ ሳንዘጋጅ የገባነው እኛ ነን።

ዛሬ ሐኪሞች ሾተላይ ሲሉ የሚናገሩት ስለ ደም ነው። እናቲቱ አር ኤች ኔጋቲቭ ሆና ፅንሱ ከአባቱ ፖዘቲቭ ደም ሲወርስ፣ በተለይ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እሷ ያልፋል። ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያበጃል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም፤ መከላከያው ሲበጅ እሱ ወጥቷልና። ሰውነቷ ግን አይረሳም። የሚቀጥለው ፖዘቲቭ ፅንስ ሲመጣ ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርሰዋል፤ ልጁ ቢጫ ሆኖና ደም አንሶት ይወለዳል፣ ወይም በማኅፀን ይሞታል። እንደ ካታሪና እናት ሁሉ፣ የገዛ ልጇን ሳታውቅ።

ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ አለ። በ28ኛው ሳምንት ገደማና ከወለደች በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ፅንስ ሲወርድባትም ያስፈልጋታል። ሰውነቷ መከላከያውን አንዴ ካበጀ በኋላ ግን አይሠራም። ስለዚህ የደም ዓይነቷ መታወቅ ያለበት በመጀመሪያው እርግዝና፣ ማንም ሾተላይን በማያስብበት፣ ሁሉም ደኅና በሚመስልበት ጊዜ ነው። ከገደል ማዶ ለምትመጣ እናት 72 ሰዓት ምን ያህል አጭር እንደሆነ የስማዳን ቁልቁለት የወረደ ያውቀዋል። የሚደጋገም የሕፃን ሞት ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው ግን አንልም፤ ቂጥኝም ወባም አለ። መርማሪው ሐኪም ነው እንጂ እኛ አይደለንም።

ወደ ድራማው እንመለስ። ክላውዲያ በመጨረሻ የክሩን ጫፍ አገኘችው። አዙሪቱ የተጀመረው ልጁን፣ ምራቱንና የልጅ ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ አንድ ሰዓት ሠሪ ሐዘኑን ለመሻር በሠራው መሣሪያ ነው። አደጋው ሲቀር አዙሪቱም ይቀራል፤ በአዙሪቱ የተወለዱት፣ ዮናስም ጭምር፣ እንዳልነበሩ ይሆናሉ። በመጨረሻው ትዕይንት ጥቂት ወዳጆች ለእራት ተሰብስበዋል። ሬጊና በሕይወት አለች። በአዙሪቱ ውስጥ የዮናስ እናት የነበረችው ሃና እርጉዝ ናት፤ ስለ ልጁ ስም ሲነሣ ዮናስ ጥሩ ስም ነው ትላለች።